ከማጊና ከጁዲ ማንን እንመርጣለን?

(በአባላት ስብሰባችን ላይ በፊልም ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



አስቀድመን ቡናውን ላፈሉልንና ድፎውን ለጋገሩልን አባሎቻችን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የዛሬው ርዕሳችን ቀለል ያለ ይመስላል፤ ስለ ሁለት የፊልም ተዋናዮች ነው። ይሁን እንጂ በብርዱ ወራት ሁሉ ቡድናችንን ሲያከራክር ስለ ቆየ፣ ኮሚቴው «እንግዲያውስ ለሁሉም አቅርቡትና እንስማው» ብሎ ዕድሉን ሰጥቶናል።

ተዋናዮቹ እንግሊዛውያኑ ማጊ ስሚዝና ጁዲ ዴንች ናቸው። ሁለቱም «ዴም» የሚባለውን የክብር ማዕረግ የተቀበሉ፣ በዕድሜም እናቶቻችን የሚሆኑ ስለሆኑ «አንቱ» ብንላቸው ይገባ ነበር። ግን ተዋናይ በየሰዉ ቤት ገብታ የምትውል ናትና፣ በቡድናችን እንደለመድነው ማጊና ጁዲ ብንላቸው እንደ ድፍረት አትቁጠሩብን።

እንዴት አወቅናቸው? ብዙዎቻችን እዚህ ለንደን የምንሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። በየቤቱ ስንገባ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። የምንንከባከባቸው እናቶች እነዚህን ሁለቱን እንደ ጎረቤት ልጅ በስማቸው ይጠሯቸዋል። ልጆቻችንም በሌላ በኩል ያውቋቸዋል፤ ማጊ የሃሪ ፖተር መምህርት ፕሮፌሰር ማክጎናጋል ናት፤ ጁዲ የጄምስ ቦንድ አለቃ «ኤም» ናት። አያቶቹም የልጅ ልጆቹም ሲያውቋቸው፣ መካከል ላይ ያለነው እኛ ብቻ ማንነታቸውን ሳናውቅ ቆየን። ማጊ በ2024 መስከረም ላይ በ89 ዓመቷ ስታርፍ፣ የምንንከባከባቸው እናቶች እንደ ዘመድ ሲያዝኑላት አየን። ያን ጊዜ ነው «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምን ቢሠሩ ነው?» ብለን ፊልሞቻቸውን አንድ በአንድ ማየት የጀመርነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሁለቱ ሕይወት አብሮ የተፈተለ ይመስላል። ሁለቱም የተወለዱት በ1934 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነው፤ ጁዲ በ9ኛው ቀን በዮርክ ከተማ፣ ማጊ በ28ኛው ቀን በኢልፎርድ። በመካከላቸው ያለው 19 ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም ከፊልም በፊት በቲያትር መድረክ ተፈትነዋል። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረው ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ የማጊ ባል በ1998፣ የጁዲ ባል በ2001 ነው ያረፉት። በአንድ ፊልም ውስጥም ደጋግመው ተገናኝተዋል። የዕድሜ ልክ ወዳጆችም ነበሩ። እኛ ስናወዳድራቸው እነሱ አልተፎካከሩም ማለት ነው።

መንገዳቸው ግን ይለያያል። ማጊ በፊልም ቶሎ ነው የወጣችው። ገና በ35 ዓመቷ፣ አንዲት ኩሩ የኤድንብራ መምህርት ሆና በተጫወተችበት ፊልም የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደች። ሁለተኛውን ያገኘችው «ካሊፎርኒያ ስዊት» በተባለው የ1978 ፊልም ነው። የሚያስቀው፣ በዚያ ፊልም የምትጫወተው ለኦስካር ታጭታ ሳታገኝ የምትቀር ተዋናይትን ነው፤ ባለታሪኳ ያጣችውን እሷ አገኘችበት።

ጁዲን ደግሞ በወጣትነቷ አንድ የፊልም ሰው አይቶ ፊቷ ለፊልም እንደማይሆን እንደነገራት ራሷ በየጊዜው ትናገራለች። እሷም በመድረክ ላይ ትልቅ ስም አፈራች፤ ዓለም በፊልም ያወቃት ግን ስድሳ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። በ1997 ንግሥት ቪክቶሪያን ሆና በሠራችበት ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦስካር ታጨች። በቀጣዩ ዓመት ፊልም «ሼክስፒር ኢን ላቭ» ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና የታየችው ስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ስምንት ደቂቃ ኦስካሩን ወሰደች። እዚህ ላይ ሲደርሱ አንዲት እናታችን «ስድሳ ከሞላ በኋላ ማለት እንግዲህ እኛም ገና ነን» አሉና ሳቅን።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንምጣ። ክርክራችን በወሬ እንዳይሆን አራት ፊልሞችን አብረን አይተናል፤ ሁለቱ ሁለቱም ያሉባቸው፣ አንዱ የጁዲ፣ አንዱ የማጊ ናቸው። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶች ፊልሙን እያስቆምን ተርጉመናል፤ ስለዚህ አንዱን ፊልም ለማየት አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈጅብን ነበር።

መጀመሪያ ያየነው በ2004 የወጣውን «ሌዲስ ኢን ላቬንደር» ነው። ኮርንዎል በሚባለው ባሕር ዳር አብረው የሚኖሩ ሁለት አሮጊት እህትማማቾች፣ ማዕበል የጣለውን አንድ ወጣት አንስተው ያስታምማሉ። ጁዲ የምትጫወታት ኡርሱላ ልጁን ስታስታምም በዚያ ዕድሜዋ ልቧ ይነካል። የእናትነት ይሁን የሌላ ፍቅር ለራሷም አይገባትም። ማጊ የምትጫወታት ጃኔት ሁሉን ታያለች፣ ትቆጣለች፣ ግን እህቷን አታዋርዳትም። ጁዲ ፊቷን በር አድርጋ ትከፍትልናለች፤ ምን እንደሚሰማት ሳትናገር እናውቃለን። ማጊ በሩን ዘግታ ትቆማለች፤ ውስጥ የሚሆነውን ከእጇና ከአንገቷ አዟዟር መገመት የኛ ሥራ ነው። በዚህ ፊልም ከመካከላችን አብዛኞቹ ለጁዲ አደሩ።

ሁለተኛው «ዘ ቤስት ኤግዞቲክ ማሪጎልድ ሆቴል» ነው። ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን ኑሮው ረከስ ይላል ብለው ሕንድ አገር ጃይፑር ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ሆቴል ይሄዳሉ። ይህን ፊልም ሁላችሁም እንድታዩት እንመክራለን፤ ለማኅበራችን የተሠራ ነው የሚመስለው።

ጁዲ የምትጫወታት ኤቭሊን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ገንዘቡን የሚያውቀው እሱ ነበር። ከሞተ በኋላ ነው ዕዳ ጥሎ መሄዱን የምታውቀው፤ ቤቷንም ለመሸጥ ትገደዳለች። ፊልሙ ሲጀምር ስልክ ይዛ ስለ ኢንተርኔቱ ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር ትነጋገራለች፤ ሒሳቡ በባሏ ስም ስለሆነ ሠራተኛዋ እሱ ካልቀረበ አይሆንም ትላታለች። ሰውዬው ሞቷል። እዚህ ላይ ፊልሙን ማስቆም ነበረብን፤ ምክንያቱም ከመካከላችን ይህንኑ ስልክ የደወሉ፣ ይህንኑ መልስ የሰሙ አሉ። ቁጠባችንን ስንጀምር «እያንዳንዷ አባል የራሷ የባንክ ደብተር ይኑራት» ያልነው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላየንም። ኤቭሊን ግን ተቀምጣ አታለቅስም። በዚያ ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ትቀጠራለች፤ ያውም ለስልክ ሠራተኞች፣ አሮጊት ሰው በስልክ ሲያገኙ እንዴት መናገር እንዳለባቸው ማስተማር!

ማጊ የምትጫወታት ሚዩሪል ደግሞ ለዳሌ ቀዶ ሕክምና ነው ወደ ሕንድ የምትሄደው። ገና እንግሊዝ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ጥቁር ሐኪም እንዲነካት አትፈልግም። ከአፏ የሚወጣው ሁሉ እሾህ ነው። ሥራችንን የምታውቁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። «የአንቺን እጅ አልፈልግም፣ ሌላ ሰው ይምጣ» የተባልንበት ቤት ያልገጠማት ከመካከላችን ማን አለች? ስለዚህ ስናያት ተቆጣን፤ አንዷ እህታችንማ ተነስታ ቡና ልታቀራርብ ሄደች።

ቆየት ብሎ የሚዩሪልን ታሪክ እንሰማለን። ዕድሜዋን ሙሉ የአንድ ቤተሰብ ቤት ጠባቂ ነበረች፤ ልጆቻቸውን አሳድጋለች፣ የቤቱን ሒሳብ ይዛለች። አንድ ቀን ረዳት ብለው አንዲት ልጅ አምጥተው «ሥራውን አሳያት» አሏት። ልጅቱ ሥራውን ስትለምድ እሷን አሰናበቷት። ይህን ስትናገር ማጊ አታለቅስም፤ ድምፅዋ እንኳ አይለወጥም። ቡና ልታቀራርብ የሄደችው እህታችን ግን ጀበናውን ይዛ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሚዩሪል የኛው ሰው ሆና ተገኘች፤ በሰው ቤት ያረጀች፣ ሲጨርሱባት የተሸኘች። ይህ ስድቧን ትክክል አያደርገውም። እኛም ትክክል አልነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ልንጠላት አልቻልንም። መጨረሻ ላይ የሆቴሉን መዝገብ አገላብጣ ሒሳቡን የምታቃናው እሷ መሆኗ ደግሞ አስደስቶናል፤ ዕድሜ ልኳን በሰው ቤት የያዘችው ሒሳብ ለቁም ነገር ዋለላት።

ከዚህ ፊልም በኋላ ቡድናችን እኩል ለእኩል ተከፈለ።

ሦስተኛው የጁዲ «ፊሎሚና» ነው፤ የወጣው በ2013 ነው፣ ታሪኩም እውነተኛ ነው። ፊሎሚና ሊ አየርላንዳዊት ናት። ሳታገባ አርግዛ በመነኮሳት ቤት ተቀምጣ በ1952 ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ በሦስት ዓመቱ ለአሜሪካውያን ተሰጠ። እሷ ነገሩን ለሃምሳ ዓመት ያህል በሆዷ ይዛ ኖረች፤ በመጨረሻ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሆና ፍለጋ ወጣች። ልጇ ግን ሞቶ ነበር። እሱም እናቱን ሲፈልግ ኖሮ፣ እንዲቀበር የጠየቀው በዚያው በመነኮሳቱ ግቢ ነበር። ለሁለቱም እውነቱን የነገራቸው አልነበረም።

በዚህ ፊልም መጨረሻ ላይ ጋዜጠኛው በንዴት ሲጮህ ፊሎሚና አሮጊቷን መነኩሴ ይቅር ትላለች። ይቅርታው ቀላል እንዳልሆነም ለጋዜጠኛው ትነግረዋለች። ጁዲ ያን ይቅርታ ስትናገር ፊቷ ላይ ምን ያህል እንደሚያማት ይታያል፤ ድካም እንጂ ቅድስና አይደለም የምታሳየን። ልጆቻችንን አገር ቤት ትተን የመጣን፣ በስልክ ድምፃቸው ሲጎረምስ የሰማን፣ ያን ቀን መብራት ሳናበራ ብዙ ቆየን። ድምፅ የተሰጠው በዚያ ምሽት ቢሆን ጁዲ ያለ ተቃውሞ ታሸንፍ ነበር።

አራተኛው የማጊ «ዘ ሌዲ ኢን ዘ ቫን» ነው፤ የ2015 ፊልም ነው። ይህም እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የሆነውም እዚሁ ለንደን፣ ካምደን ውስጥ ነው። ሚስ ሼፐርድ የምትባል ቤት የሌላት አሮጊት፣ አላን ቤኔት በተባለው ደራሲ ግቢ ውስጥ አሮጌ ቫኗን አቁማ 15 ዓመት ኖረችበት። ፊልሙ የተቀረጸው በራሱ በቤቱ ነው። ማጊ ይህችን ሴት በ1999 በቲያትር መድረክ ተጫውታታለች፤ በፊልም የደገመቻት ሰማንያ ዓመቷ ላይ ነው።

ሚስ ሼፐርድ ትሸታለች። ትዋሻለች። ጎረቤት ምግብ ቢያመጣላት አታመሰግንም። ግቢውን አቆሽሻ ደራሲው ሲጠርግ እንዳላየች ታልፋለች። ሙዚቃ ስትሰማ ትቆጣለች። ከጊዜ በኋላ በወጣትነቷ ጎበዝ ፒያኖ ተጫዋች እንደነበረች፣ መነኩሲት ልትሆን ገብታ ፒያኖውን እንደከለከሏት እናውቃለን። ደራሲው በበኩሉ የገዛ እናቱ አእምሯቸው እየደከመ ሩቅ አገር ሳሉ፣ እሱ የማያውቃትን አሮጊት ግቢ ይጠርጋል። ይህን ስናይ ማንም አልተናገረም። የሰው እናት እያጠብን የራሳችንን እናት በስልክ የምናስታምም ሰዎች ነንና።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ሚስ ሼፐርድን ወስደው አጥበው ይመልሷታል። ከዚያ ለደራሲው እጇን ትዘረጋለታለች፤ እንዲይዛት ትጠይቀዋለች፤ እጇ ንጹሕ መሆኑንም ትነግረዋለች። ይኸው ነው። ምስጋና የለም፣ ይቅርታ የለም። በ15 ዓመት ውስጥ የጠየቀችው አንዱ ደግ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ማጊም ስትጠይቅ አትለማመጥም፣ ትዕዛዝ እንደ መስጠት አድርጋ ነው የምትናገረው። ሥራችንን የምታውቁ፣ ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ እጅ ተዘርግቶልን ቸኩለን እንዳለፍነው ታውቃላችሁ። ለአንድ ቤት የተመደበልን ጊዜ አጭር ነው፤ ቁጡ ከሆኑ ደግሞ ቶሎ መውጣቱ ደስ ይለናል።

ለጁዲ የተሟገቱት እህቶቻችን ያነሱትን ሳንናገር ብናልፍ ፍርዱ ይጓደላል። አንደኛ፣ ጁዲ ደግ ሴት ብቻ ናት የምትጫወተው ማለት ስሕተት ነው አሉ። በ2006 «ኖትስ ኦን ኤ ስካንዳል» ላይ አስፈሪ መምህርት ሆናለች፤ በ«አይሪስ» ደግሞ አእምሮዋ እየጠፋ የሚሄድ ደራሲ ሆና ሠርታለች፤ ይህን በሽታ በየቀኑ የምናይ ሰዎች አንድም ሐሰት አላገኘንበትም። እውነት ነው፣ ተቀብለናል። ሁለተኛ፣ ሕይወቷን ተመልከቱ አሉ። የዓይኗ ብርሃን እየደከመ ማንበብ አቅቷት፣ ሌላ ሰው እያነበበላት ደጋግማ በመስማት ቃሏን አጥንታ ሠርታለች፤ በ87 ዓመቷም ለኦስካር ታጭታለች። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን መዝሙሩንና ጸሎቱን በቃል ያጠኑት እንዲሁ አይደለም ወይ? «አንብቡልኝ» ማለት ውርደት አለመሆኑን ለመረዳጃ ማኅበር ከዚህ በላይ ማን ያስተምራል? ይህም እውነት ነው። ለማጊ የቆሙት በበኩላቸው፣ እሷም በካንሰር ሕክምና ላይ እያለች ነው የሃሪ ፖተርን ፊልም የሠራችው፣ በብርታትስ አይበላለጡም ብለው መለሱ።

ስለዚህ ፍርዱ በሕይወታቸው ላይ ሊሆን አልቻለም። በሥራቸው ላይ ሆነ። እኛም በጥቂት ድምፅ ልዩነት የመረጥነው ማጊን ነው። ልባችን ለጁዲ፣ ድምፃችን ለማጊ ሆነ ብትሉን አንቃወምም።

ምክንያታችን ይህ ነው። ጁዲ የምትጫወታትን ሴት መውደድ ቀላል ነው። አስፈሪዋ መምህርት እንኳ የሆዷን በማስታወሻ ደብተሯ ትነግረናለች፣ ብቸኝነቷን ከመጀመሪያው እንሰማለን። ማጊ ግን ውደዱኝ ብላ አትለምንም። ደስ የማትል ሴት ታመጣና ደስ እንዳላለች ትተዋታለች፤ ያም ሆኖ ሁለት ሰዓት ከእሷ ጋር ተቀምጠን ሰው መሆኗን እስክናይ ድረስ አትለቀንም። ለኛ ይህ ከባዱ ሥራ መሰለን። ስናረጅ ሁላችንም እንደ ኤቭሊንና እንደ ፊሎሚና ለስላሳ፣ ይቅር ባይ ለመሆን እንመኛለን። ነገር ግን ሕመም፣ ብቸኝነትና የሰው አገር ስንቱን ሰው መራራ እንደሚያደርጉ በየቀኑ እናያለን። ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት ይሰብራል ይባላል፤ የሚሰብረው የሰሚውን ብቻ አይደለም፣ ተናጋሪዋንም ብቻዋን ያስቀራል።

አሁን የመጨረሻውን እንናገርና እንቀመጥ። ከድምፁ በኋላ፣ ነገሩ ከንክኖን፣ የማኅበራችንን የጥየቃ መዝገብ ገልጠን አየን። ያረጁና የታመሙ አባሎቻችንን ለመጠየቅ ተራ እንደምንገባ ታውቃላችሁ። ጨዋታ የሚያውቁት፣ የሚመርቁን እናቶች ቤት ሳምንት አልተጓደለም፤ እንዲያውም ሁለት ሦስት ሆነን የሄድንበት ቀን አለ። አንዲት እናታችን ግን አሉ፤ ስማቸውን አንጠራም፣ ዛሬም እዚህ የሉም። ያመጣንላቸውን ወጥ ጨው በዛው የሚሉ፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ» ብለው የሚቀበሉን ናቸው። በዓመቱ ውስጥ የተጠየቁት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው በዓል ስለነበረ ነው።

ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ተራውን ከዘለሉት መካከል ይህን ንግግር የጻፍነው እኛም አለንበት። ፊልም ላይ ለሚስ ሼፐርድ አልቅሰን የራሳችንን ሚስ ሼፐርድ መዝለላችን ስላሳፈረን ነው። በዚህ ሳምንት ሁለታችን ሄደን ነበር። ወጡን ጨው በዛው አሉን። ሰዓቱን ዘገያችሁ አሉን። ልንወጣ ስንል ደግሞ ቡናው ሦስተኛው እንዳልደረሰ ነግረውን እንድንቀመጥ አዘዙን። ተቀመጥን።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ፊሎሚና»ን ላላዩት አባላት እንደገና እናሳያለን፤ የጁዲ ወገኖች ድምፁ ይደገም ብለዋልና ዕድል አንነፍጋቸውም። የጥየቃው መዝገብ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። የእኒያ እናታችን ገጽ ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ስትወጡ ስማችሁን ብትጽፉበት ደስ ይለናል።